በዋርካው ጥግ የምታልፈው መኪና

መርሳ፣ ሰኔ 8 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣

እንደምን ከረምህ? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ አላርፍ ያለው ሐሳቤ ነው። ደብዳቤህ ወልድያ ደርሶ ከወልድያ ወደ እኔ እስኪመጣ ግማሽ ወር ፈጀበት። ፖስታው ላይ «ለጓድ አለሚቱ» ብለህ መጻፍህን ግን ተወኝ። ጓድ የሚሉኝ ሰዎች በስብሰባ ይበቁኛል። አንተን አፍንጫህን እየጠረግሁ ነው ያሳደግሁህ፤ እታለም በለኝ።

ስለ መንገዱ ጠይቀኸኛል። ስፋቱን፣ ዳገቱን፣ ወንዙ በክረምት እስከየት እንደሚሞላ። ሜትር የለኝም፤ እግሬ የሚያውቀውን ልንገርህ። ከመርሳ እስከ ግራና ጭቃ ይሁን እንጂ መንገድ አለ። ከግራና ወዲያ መንገዱ ወንዙ ራሱ ነው፤ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ነው የሚኬደው። ወንዙን ስትጨርስ የቀይ አፋፍ ዳገት ይጀምራል። ዳገቱ ሥር፣ በግራ ቋጥኝ በቀኝ ገደል ባለበት ቦታ፣ መሃል ላይ ዋርካ ቆሟል፤ መንገዱ እሱን ተጠምጥሞ ያልፋል። ከዋርካው በላይ እስከ መንደሩ ድረስ ረጅም ነው እንጂ ክፉ አይደለም። የቆፈረው የቀይ አፋፍ ቅሬ ነው። አዲስ አበባ ስትኖር እድር ማለት ለምደህ ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳ የሚቀብርበት፣ በሽተኛ የሚሸከምበት ማኅበር ዛሬም ቅሬ ነው።

እንግዲህ ድርጅታችሁ ለጤና ጣቢያችን መኪና ሊሰጠን ከሆነ፣ ምርጫውም በአንተ ፊርማ ከሆነ፣ ልመናዬ ይኸው። ግቢያችሁ ውስጥ አሉ ካልኸኝ ከሁለቱ ላንድሮቨሮች አጭሯን ላክልን። ያረጀችውን፣ ባለ ሸራዋን።

ለምን እንደምቸኩል ጠይቀሃል። ቀይ አፋፍ አንዲት ሴት አለች። ዓምና ምጥ ይዟት ቅሬው በቃሬዛ ተሸክሞ ሲያመጣልኝ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር፤ እሷንም በመከራ ነው ያተረፍናት። አሁን ደግሞ እርጉዝ ናት፤ መስከረም ማለቂያ ላይ ትወልዳለች። ያለ ሆስፒታል የምትወልድ ሴት አይደለችም። በትከሻ እስክትወርድ ከተጠበቀ ትሞታለች። ይህን የምነግርህ እንደ ነርስ ነው።

እህትህ አለሚቱ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ጓድ ማለቱን ትቻለሁ፤ ይቅር በይኝ። እዚህ ጓድ ሳይባል ጨው እንኳ የሚሸጥልሽ ስለሌለ ብዕሬ ለምዶት ነው። ጤናዬ ደህና ነው። ወገቤን ያመኛል፤ ከጠዋት እስከ ማታ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ሌላ ምን ያመዋል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። «አጭሯን ላክ» ያልሽው ግን ጭራሽ አልገባኝም። አጭሯ የቤንዚን ናት። ሸራዋ ተተርትሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ውስጥ ከመቀመጥ ውጭ መቆም ይሻላል። ከኋላ ያላት ሁለት አግዳሚ ብቻ ነው፤ በሽተኛ አጣጥፈሽ ካልሆነ አታስተኚባትም። ረጅሟ አዲስ ናት፣ የናፍጣ ናት፣ ቃሬዛ እንዳለ ይገባባታል፤ ፊቷም ላይ ጭቃ ሲይዛት ራሷን የምትጎትትበት የብረት ገመድ አላት። እኔ ለዚህ ሥራ ነው ደሞዝ የሚከፈለኝ፤ ምጥ የያዛትን ሴት ቁጭ አድርገሽ በዚያ ድንጋይ ላይ አናውጪያት ብዬ ልፈርም?

እንቅፋቱ ዋርካው ከሆነ ይቆረጣ። አንድ ዛፍ ነው።

ደግሞስ ሴትየዋ ለምን ከወዲሁ ወርዳ መርሳ አትሰነብትም? አንቺ ቤት እንኳ ቦታ አይጠፋም። የማን ሚስት ናት? ስሟን ብትነግሪኝ ምናልባት አውቃት ይሆናል። ደብሪቱስ እዚያው ቀይ አፋፍ ተድራ እየኖረች አንዲት መስመር የማትጽፍልኝ ምን ብበድላት ነው? ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ ነኝ። ለባሏ ለሙሐመድዘይን የላክሁለት ሸሚዝ ልክ ሆነለት ወይ? ይህንንም የሚነግረኝ ጠፋ።

ወንድምሽ አንዳርጋቸው


መርሳ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአንዳርጋቸው፣

ይህችን ደብዳቤ የሚያመጣልህ አማረ ነው፤ የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሾፌር። ዘር ጭኖ አዲስ አበባ ሲወጣ እግረ መንገዱን ያደርስልኛል። በፖስታ የማይጻፈውን ልጽፍልህ ነው፤ አንብበህ ቅደደው።

አዲሷን መኪና ለምን እንደጠላሁ ንገሪኝ ብለሃል። ካቻምና ለክትባት የተላከች አንዲት አዲስ መኪና ነበረች። ጎማዋ ጭቃ ሳይነካ አንድ ባለ ወንበር ሰው «ለጊዜው» ብሎ ወሰዳት፤ ጊዜው እስከ ዛሬ አላለቀም። አጭሯን አይቶ የሚመኛት አይኖርም። ከዚህም በላይ አጭሯ ዋርካው ጋ ስትደርስ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ብላ ትዞራለች፤ ብትንሸራተት የቅሬው ሰዎች ከአራት ማዕዘን ይዘው ወደ መስመሯ ይመልሷታል። ረጅሟን እነሱ አያነሷትም። የእኛ ሾፌር ሙላቱም ቦታውን አይቶ ይህንኑ ነው ያለኝ።

ዋርካውን «አንድ ዛፍ» ብለኸዋል፤ እኔም ስቄ ልተወው ነበር። ዱዓ የሚደረገው፣ ቅሬው የሚቀመጠው እሱ ሥር መሆኑ ይቅር። ሌላ ነገር አለ። በግራና ገበያ ቀን እየመጣ ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና የሚያፍስ ትልቅ መኪና አለ። ያ መኪና ዋርካው ሥር ሲደርስ መዞር አቅቶት ይመለሳል። ወታደሮቹ በእግር ይውጡ ቢሉ ሰው አፋፉ ላይ ሆኖ ከሩቅ ያያቸዋል፤ እስኪደርሱ ልጆቹ ጫካ ገብተዋል። ስለዚህ ቀይ አፋፍ እስካሁን ጎረምሳ ያለበት መንደር ነው። ከግራና በታች ያሉትን መንደሮች ብታይ የሚያርሰው ሽማግሌ ነው። ቅሬው መንገዱን ሲቆፍር ዋርካውን የተወው መጥረቢያ አጥቶ አይደለም።

ሴትየዋም የማትወርደው በዚሁ ነው። ባሏ ወጣት ነው፤ ዓምና ቃሬዛዋን ተሸክሞ የወረደ ጊዜ ግራና ላይ ለጥቂት ነው ያመለጠ። እሱን ጥላ አትመጣም፤ እሱም ትቷት አይቀርም። «ሁለታችንም እዚሁ እንሁን፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያኔ ይታሰባል» አለችኝ። ብቆጣትም፣ ብለማመጣትም አልሰማ አለችኝ።

ስሟን አልነግርህም። ልጅ የቀበረች ሴት ሆዷ ሲገፋ ስሟ በየደጁ እንደማይነሳ ከአገርህ ሳትወጣ የምታውቀው ነው። ደብሪቱ ደህና ናት፤ ሥራ በዝቶባት ነው የማትጽፍ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ትንሽ ጠበበው እንጂ ደስ ብሎት ለብሶታል።

አለሚቱ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ተሸንፌያለሁ። ደብዳቤሽን እንዳልሽኝ ቀደድሁት፤ የጻፍሽው ግን ከራሴ አልወጣም። አጭሯ ትመጣልሻለች። ወረቀቱን ጽፌ ፈርሜያለሁ።

አሁን በየቀኑ ከሥራ በኋላ እሷው ዘንድ ነኝ። እንዳታናውጥ የኋላ ባሌስትራዋን ቀየርሁ፤ ዳገት እንዳያቅታት ፍሪሲዮኗንም አደስሁ። ሸራዋን መርካቶ አሰፋሁላት። ከአንደኛው አግዳሚ ላይ ስፖንጅ አስሬ ሴትየዋ ደገፍ የምትልበት አበጅቻለሁ፤ መቼም አልጋ አይሆንም፣ ግን አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ካቀፋት ትችለዋለች። ቀለሟን ልቀባ ብዬ ያንቺ ባለ ወንበር ሰውዬ ትዝ ሲለኝ ተውሁት። ዝገቷን ሆን ብዬ የተውሁላት የመጀመሪያዋ መኪና ናት።

የሥራ ባልደረቦቼ ምን ነካህ ይሉኛል። አላውቅም እታለም፤ የማላውቃት ሴት ናት፤ ግን እንቅልፍ ነሥታኛለች። ወንዙ ነሐሴ ውስጥ ስለማያሳልፋት ከእንቁጣጣሽ በፊት ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ትነሣለች።

አንዳርጋቸው


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ትናንት አማረ መጥቶ ነበር። ምንም አላጠፋም፤ እንዳትቆጪው። ሻይ ስንጠጣ «እህትህም ሆዷ ገፍቷል፤ እግዜር በሰላም ይገላግላት» አለኝ። እኔ መጀመሪያ ያሰብሁት አንቺን ነው፤ በዚህ ዕድሜሽ ብዬ ልስቅም ነበር። «የቀይ አፋፏን ነው እኮ» ሲለኝ የያዝሁትን ብርጭቆ አስቀመጥሁት።

ዓምና «ደብሪቱን አሟት ነበር፣ አስወረዳት፣ አሁን ተሽሏታል» ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ። ያን ጊዜ እኔ ለሽሮ መግዣ ብዬ ብር ልኬ ዝም አልሁ። የሞተ ልጅ ሆዷ ውስጥ ይዛ በቃሬዛ ስትወርድ እኔ እዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ እያየሁ ይሆናል። ለምን እንዳልነገርሽኝ አልጠይቅሽም። ተቀይሜሻለሁ፤ ያንንም አልደብቅሽም።

ወረቀቱን ለውጬዋለሁ። የምትመጣልሽ ረጅሟ ናት።

የምትይውን አውቀዋለሁ። ለማላውቃት ሴት ቁጭ ብላ ትሂድ ብዬ ፈርሜ፣ እህቴ ስትሆን አልጋ አስፈለጋት፤ አፍሬበታለሁ፣ ግን እጄን አላቆመውም። ደብሪቱን ሳስባት በዚያች አግዳሚ ላይ እየዘለለች፣ እየጮኸች፣ እየደማች ነው የምትታየኝ። ረጅሟ ውስጥ ደግሞ ተኝታ ትታየኛለች። ስለ ዋርካውና ስለ ጎረምሶቹ የጻፍሽልኝን አልረሳሁም። እነሱም ይቅር ይበሉኝ። እኔ ያለችኝ ታናሽ እህት አንዲት ናት።

አንዳርጋቸው


መርሳ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአንዳርጋቸው፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ። ይህ ደብዳቤ መኪናዋ ሳትነሣ እንዲደርስህ ወልድያ ድረስ ራሴ ሄጄ ነው ፖስታ ቤት የሰጠሁት።

ስሟን ያልነገርሁህ ይህንን ፈርቼ ነው። እሷ አትንገሪው ብላ አስምላኛለች፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ባታስምለኝም አልነግርህም ነበር። አውቅሃለሁ። ትንሽ ሳለህ እሷ ስታስል አንተ ነበርህ ምግብ አልበላም የምትለው። ባዳ ሳለች መንገዱንም፣ ዋርካውንም፣ ሰዉንም አሰብህላት። እህትህ ስትሆን ከእሷ በቀር ምንም አልታይህ አለ። እኔም እህቷ ነኝ እኮ። እኔስ የምተኛ ይመስልሃል?

ረጅሟ ዋርካው ሥር መጥታ ትቆማለች፤ ከዚያ በላይ አትወጣም። ደብሪቱን ደግሞ ከላይ እስከ ዋርካው ተሸክሞ ማውረድ ዓምና የገደለን መንገድ ነው። እባክህ አጭሯን መልሳት። ወንድሜ፣ እግርህ ሥር ወድቄ እለምንሃለሁ።

አለሚቱ


መርሳ፣ መስከረም 13 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለአንዳርጋቸው፣

እንኳን አደረሰህ። ቴሌግራምህ ደርሶኛል። አጭሯ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዳ ከሆነ እንግዲህ ምን እላለሁ፤ ያለቀ ነገር ነው። «ምን ተደረገ፣ አለፈች ወይ» ብለሃል። ልንገርህ።

ረጅሟ በደህና ገባች። ባለ ወንበሮቹ ሳያዩዋት ሙላቱ ጭቃ ቀብቶ ጤና ጣቢያው ጓሮ አቆማት፤ ይህን እንኳ ተሳክቶልናል። ከዚያ እሱና እኔ ለሙከራ ይዘናት ሄድን። ወንዙን እንደ ምንጣፍ ነው ያለፈችው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ዋርካው ሥር ስትደርስ አፍንጫዋ ቋጥኙ ላይ፣ ጅራቷ ገደሉ ላይ ሆነ። ሙላቱ ላብ በላብ ሆኖ ወጣና «እህቴ፣ ይቺ አትዞርም» አለኝ።

ሰው ተሰብስቦ ያየን ነበር። የቅሬው ዳኛ አያ ሞላ መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሩ፤ የኋላ በሯን አስከፍተው ቃሬዛ የሚያርፍበትን ቦታ በእጃቸው ዳሰሱት። በማግስቱ ቅሬውን ጠሩ። እኔም ሄድሁ፤ ሴት ስለሆንሁ ራቅ ብዬ ቆምሁ እንጂ ሁሉም ይሰማኛል።

«ስንቷን ተሸክመን አወረድን፣ ስንቷንስ መንገድ ላይ አጣን» አሉ አያ ሞላ። «ዛሬ መኪናው ደጃችን መጥቶ ቆሟል። የማናሳልፈው እኛ ነን?»

አማከለች የምትባል የሁለት ጎረምሶች እናት ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ «አያ ሞላ፣ እርስዎ የሚያስቆርጡት ዛፍ አይደለም፤ ልጆቻችንን ነው» አለቻቸው። ሙሐመድዘይን ተነሥቶ «ለእኔ ሚስት ብላችሁ ከሆነ በአላህ ይሁንባችሁ፣ ተውት» ሲል «ቁጭ በል፣ ለአንተ ሚስት ብቻ አይደለም» አሉት። ከዚያ ወደ አማከለች ዞረው «እኔም ሲሳይ አለኝ» አሏት። ሲሳይ ያላቸው አንድ ልጅ ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ቆረጡት። የመጀመሪያውን መጥረቢያ ያነሡት አያ ሞላ ናቸው። ግንዱን ካነሡ በኋላ ሥሩን ቆፍረው ድንጋይ ሞሉበት። ትናንት ሙላቱ መኪናዋን ሽቅብ ነድቶ ደብሪቱ ደጅ ድረስ ወሰዳት። ደብሪቱ በር ላይ ቆማ አየቻትና ወደ ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔም መንገዱን በመኪና ስወርድ ልቤ ደስ ሊለው ሲል መልሶ ይጨነቅብኝ ነበር።

አለሚቱ


ወልድያ፣ መስከረም 30 ቀን 1981 ዓ.ም.

አንዳርጋቸው ወንድሜ፣

ደብሪቱ ትናንት በቀዶ ጥገና ወለደች። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ሙሐመድዘይን አጠገቧ ነው፤ የሆስፒታሉን ግቢ ጥሎ እንዳይወጣ ነግሬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጽፍልህ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ካልጻፍሁት ያንቀኛል። መንገድ ላይ ደም ፈሷት ነበር። ሐኪሙ «ተኝታ ባትመጣ ኖሮ አትደርስልንም ነበር» አለኝ። እኔ አጭሯን ላክ ብዬህ ነበር። በዚህስ አንተ ነህ ልክ።

አለሚቱ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ጋራዥ ውስጥ ነው ያነበብሁት፤ ሰው ፊት አለቀስሁ። ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ይከቡኝ ጀመር፤ ወለደችልኝ ስላቸው ሁሉም ሳቁ። ልክ ነበርሁ ብዬ አልኮራብሽም። ትንሽ ግን ልኩራ፤ ይህን ያህል ጊዜ ስትቆጪኝ ከርመሽ አንዴ «ልክ ነህ» ብለሻልና።

በአማረ እጅ ለልጅቷ ብርድ ልብስ፣ ለደብሪቱ ነጠላ ልኬያለሁ። አማረ ዕቃውን ሲቀበለኝ ፊቱን አጥቁሮብኝ ነበር። «ምነው?» ስለው «እህትህ ትጻፍልህ» ብሎኝ ሄደ። ደብሪቱ አገግማ አንቺ ቤት እንዳለች ከእሱ ነው የሰማሁት፤ እስካሁን እዚያ ምን ትሠራለች? አራስ ቤቷ ገብታ የባሏ ዘመዶች አይጠይቋትም ወይ? መኪናዋስ ችግር አላት? ዕቃ ከተሰበረ ንገሪኝ። ሌላ የደበቅሽኝ ነገር ካለም ንገሪኝ፤ ከእንግዲህ ሁሉንም እችላለሁ።

አንዳርጋቸው


መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣

እንደምን አለህ? ብርድ ልብሱም ነጠላውም ደርሷል። መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ከደብሪቱ ወዲህ ሌሎች ሴቶችም አምጥታልናለች፤ አንዷም አልሞተችብን። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው እንድታውቀው ስለምፈልግ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ደብሪቱ ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ቤት አንድ ሳምንት እንደተኛች፣ ያ ጎረምሳ የሚያፍሰው ትልቁ መኪና ቀይ አፋፍ ገባ። አልቆመም። ዋርካው የነበረበትን ቦታ ማርሽ እንኳ ሳይቀይር አለፈ አሉ። ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ነበር። አፋፉ ላይ የነበሩት የሞተር ድምፅ ሲሰሙ የእኛ መኪና መሰላቸው። ምጥ የያዛት ሴት አለች ብለው ልጆቹ ሊያግዙ ወደ መንገዱ ሮጡ፤ ወደ ጫካ መሮጥ ሲገባቸው። የአማከለችን ሁለቱንም ወሰዷቸው። ሲሳይንም ወሰዱት። ሌሎችም አሉ፤ ስማቸውን እዚህ ብዘረዝር ምን ይረባሃል።

ሙሐመድዘይን ያን ሰዓት እኔ ጓዳ ውስጥ ልጁን ታቅፎ ነበር። ወሬውን ስትሰማ ደብሪቱ ጡቷ ደረቀ። «የእኔ ባል እቤት፣ የእነሱ ልጆች በመኪና፤ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያቸው?» እያለች ወደ ቤቷ አልመለስም አለች። ሙሐመድዘይንም ሄጄ እጄን ልስጥ፣ ሲሳይን ይልቀቁት አለ። ልብሱን ደብቄ፣ በሩን ቆልፌ አስቀረሁት። እንዲህ ነበርን፤ አማረ ፊቱን ያጠቆረብህም ለዚህ ነው። አንተን ለመቅጣት ብዬ ዝም አላልሁም። እንዴት እንደምጽፈው ጠፍቶብኝ ነው።

ትናንት በጠዋት በሬ ተንኳኳ። አያ ሞላ ናቸው፤ ከኋላቸው የቅሬው ሽማግሌዎች፣ ከሴቶቹ ደግሞ አማከለች። በእግራቸው ነው የመጡት። ደብሪቱ ስታያቸው ከመደቡ ወርዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አያ ሞላ በክንዷ ያዟት።

«ተይ ልጄ፣ አራስ ነሽ፤ ብርድ ይመታሻል» አሏት። «ልንወስድሽ ነው የመጣን። ቤትሽ ጭስ ካጣ ሰነበተ።»

አማከለች ልጅቷን ከደብሪቱ እጅ ተቀብላ ጀርባዋ ላይ አዘለቻት፤ ከዚያ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ሙሐመድዘይን ግን አብሮ እንዳይሄድ ከለከሉት። «አንተ እዚሁ ሰንብት፤ እኛ እናስታምማታለን፤ የቀረኸን ጎረምሳ አንተ ነህ» አሉት። ሙላቱ መኪናዋን አስነሥቶ ነበር፤ ደብሪቱ አልገባም አለች፤ አያ ሞላ ተቆጥተው አስገቧት። «ለዚህ ብለን አይደለም ወይ?» አሏት።

ሁሉም ሲገቡ አያ ሞላ ወደ ኋላ ቀርተው እኔን ለብቻዬ ጠሩኝ። እኔ ስለ ዋርካው፣ ስለ አንተም የሚሉኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። የተናገሩት ሌላ ነው።

«ወንድምሽ የመኪና አዋቂ ነው ይላሉ» አሉኝ። «ለየትኛው መንገድ የትኛው መኪና እንደሚሆን መርጦ የሚልክ እሱ ነው ይላሉ። እውነት ነው ወይ?»

አዎ አልኋቸው።

«ሲሳይን ወደ ሰሜን ወስደውታል አሉኝ። ወዴት እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። እስቲ ጠይቂልኝ፤ እዚያ ድረስ ሄዶ የሚመለሰው የትኛው መኪና ነው?»

በሚቀጥለው ገበያ ሊሰሙኝ ይመጣሉ። አንተ ምን ልበላቸው?

አለሚቱ